የነገ ቀን ያለበት ጥቅል

የአቶ ወልደሰንበት የሞት ማስታወቂያ ለዕድራችን የኢሜይል ሰርቨር የደረሰው፣ ሰውየው እዚያው የዕድሩ ቢሮ ቁጭ ብለው ሻይ ሲጠጡ ነው። ዕድራችን ጥሩምባ ማስነፋት ከተወ ወዲህ ለቅሶውንም ልደቱንም በኢሜይል ያሳውቃል። የዕለቱ ወሬ በአንድ ጥቅል ታስሮ ለአባላት ይላካል።

ይህ ማስታወቂያ ያለበትን ጥቅል የሰርቨሩ ማጣሪያ ያዘው። የሎተሪና የውፍረት መቀነሻ ማስታወቂያ የሚበትኑ ሰዎች፣ መልእክታቸው ከሁሉ በላይ እንዲታይ የነገን ቀን ይጽፉበታል። ስለዚህ ሰርቨሩን የምታስተዳድረው ህሊና የነገ ቀን ያለበት ሁሉ እንዲታገድ አድርጋለች።

ህሊና መልእክቱ ከየት ተነስቶ በየት እንዳለፈ የሚመዘገብበትን ራስጌ ከፍታ አየች። ላኪው የራሳችን ሰርቨር ነው። የተላከው ነገ ነው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ነገ ይሞታሉ ይላል።»

«ቀብሩ የት ነው?»

«እዚሁ ደብራችን።»

«ደህና፣ ሩቅ አይደለም። ለማንኛውም እንዳትለቂው።»

በማግስቱ የጥቅሉ ቀን እንደገና የነገ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም በኋላ በየማለዳው እንዲሁ። ጋሽ ወልዴም በየማለዳው ሻያቸውን ጠጡ።

በጥቅሉ ውስጥ ሌላም ማስታወቂያ ነበር፦ የወይዘሮ አልጣሽ ልጅ ወንድ ልጅ ተገላገለች ይላል። ልጅቱ ግን ወሯ ካለፈ ቆይቷል፤ ምጥ የሚባል ነገር የለም። ወይዘሮ አልጣሽ ወሬውን ሰምተው መጡ።

«ልደቱን ብቻ ፈልቅቀሽ ላኪልኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ሞክሬ ነበር፣ እትዬ። አንዴ ከታሰረ አይፈታም። ወይ ሁለቱም ይሄዳሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ።»

ወይዘሮ አልጣሽ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞሩ። «ልጄ እኮ መተኛት አቃታት።»

«ታዲያ እኔ ልሙትልሽ?»

«አልወጣኝም። ግን እርስዎ ስንቱን ሻይ ሲጠጡ ሕፃኑ አንድም አልቀመሰም።»

ጋሽ ወልዴ ብርጭቋቸውን ጨለጡ። «ልቀቂው በቃ። ድንኳኑን ግን ጀርባውን ለፀሐይ አድርጉት፤ ባለፈው ለቅሶ ግንባሬ ተላጠ።»

ህሊና እገዳውን አነሳች። ጥቅሉ አብሮት ታግዶ ከቆየው የሎተሪ ማስታወቂያ ጋር ሄደ። በማግስቱ ሕፃኑ ተወለደ፣ ጋሽ ወልዴ ተቀበሩ፣ አባላቱም ሁሉ በሎተሪ መኪና እንደደረሳቸው ተበሰሩ።

ከቀብር መልስ ከጋሽ ወልዴ አድራሻ መልእክት ገባ። ቀኑ የዛሬ ስለሆነ የሚያግደው አልነበረም። «ድንኳኑን አላዞራችሁትም» ይላል። ራስጌው ላይ ያለፈበት ጣቢያ አንድ ብቻ ተመዝግቧል፤ እሱም የሰው ስም ነው። ህሊና በዚያ ስም የምታውቀው ሰው ስላልነበረ፣ አትማው በዚያው ጥቅል ልደት ወደነበራቸው ወደ ወይዘሮ አልጣሽ ቤት ሄደች።

ወይዘሮ አልጣሽ አነበቡት። «ለልጁ ያሰብነው ስም ነው» አሉ። «ገና ለማንም አልነገርንም።»

ሕፃኑ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተኝቷል። ከተወለደ ጀምሮ ፀሐይ አላየም። ፎጣውን ገለጥ ሲያደርጉት ግንባሩ ተልጧል።