ሃያ ሦስተኛው ጋዋን

ሰማያዊው ጨርቅ ያለቀው ሃያ ሦስተኛው ጋዋን ላይ ነው። ይህን ከልብስ ሰፊዋ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መቀሱ በእጇ ነበር። ለቀሩት አሥራ ስምንት ሠራተኞች መጋዘን ጥግ ከተገኘው ግራጫ ቆረጠች። የመጨረሻውን ለራሷ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ወር ሳይሞላ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሰማያዊ ከግራጫ ጋር ምሳ አይበላም፣ አንሶላ አያጥፍም። "ግራጫዎች ድሮም ሰነፎች ናቸው" ይባላል። ድሮ! ድሮው እኮ ያለፈው ወር ነው። ሰው ከዋሻ ወጣ ሲባል ሰፊዋ ትሰማለች፤ የታለ የወጣው?

መሳቁ ግን ዛሬ አልሆነላትም። የሠራተኛ ተወካይ ይመረጣል። የእንፋሎት መተኮሻው ክዳን ሳይነኩት እየወደቀ ባለፈው ሳምንት የታናሽ እህቷን ቀኝ እጅ ጠብሶታል። መካኒኩ "ከተመረጥኩ ሳይጠገን አይለኮስም" ብሏል፤ ግን ግራጫ ለባሽ ነው። ተፎካካሪው የጭነት መኪናው ሹፌር፣ መተኮሻን ከፍሪጅ የማይለይ፣ ቁመቱና ድምፁ ብቻ የተረፈው ሰው፣ ሰማያዊ ለብሷል።

"ለመካኒኩ ነው የምትመርጪው አይደል?" አለቻት እህቷን ጠዋት።

"እትዬ ደግሞ! ሹፌሩ እኮ የእኛ ሰው ነው።"

"የእኛ የማን?"

"የሰማያዊ ነዋ!"

"ጨርቅ አልቆብኝ ነው አንቺ! የሰፋሁት እኔ!"

"ታዲያ ለእኔ ሰማያዊውን የሰጠሽኝ ዝም ብለሽ ነው? ታውቂያለሽ።"

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች ማለት ይኸው ነው። ሰፊዋ እህቷን ትወዳታለች፤ በዚያች ደቂቃ ግን ናቀቻት።

ስብሰባው ላይ ሹፌሩ ደረቱን ነፍቶ "ሰማያዊ አይደፈርም!" ሲል አዳራሹ ተናወጠ። ስለ መተኮሻው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰፊዋ አላስችል ብሏት ተነሣች።

"ስሙኝ! ጨርቅ አልቆ ነው። ሌላ ምንም ምስጢር የለውም!"

ሹፌሩ ከእግር እስከ ራሷ አያት።

"የአንቺ ጋዋን ቀለሙ ምንድን ነው?"

ጭብጨባው እስክትቀመጥ አላበቃም። ግራጫዎቹም ቢሆኑ በክፉ ዐይን አዩዋት፤ ለእነሱ ግራጫ መሆን ከጨርቅ እጥረት የመጣ ዕጣ አልነበረም።

"ሹፌሩን የምትደግፉ እጅ አውጡ" ተባለ።

እህቷ ከፊት ነበረች። በግራ እጇ ቦርሳዋን ይዛለች። ስለዚህ ቀኙን አወጣች፣ ፋሻ የተጠቀለለውን፤ ሲያማት ፊቷ ተጨማደደ፣ ግን አላወረደችውም። ሃያ ሦስት እጅ ተቆጠረ።

ከሰዓት በኋላ መተኮሻው ሳይጠገን ተለኮሰ።