የዋሴ አብሾ

ዋሴ ድምፅ አልጎደለውም። ጉሮሮውማ ለማኅሌት የተሠራ ነበር። የጎደለው መያዝ ነው። ጠዋት እየደጋገመ የቀጸለው የጾመ ድጓ ዜማ ቁራሽ ለምኖ እስኪመለስ ድረስ የበላው ጅብ ሳይጮህ ይጠፋል። ከእሱ በኋላ ደበሎ ለብሰው የመጡ ልጆች አልፈውት ሲሄዱ፣ እሱ እዚያችው ገጽ ላይ ተቸክሎ ቀረ። ቦታው ደግሞ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ነው። ሰው ከሩቅ አገር ድጓ ሊያስመሰክር የሚመጣበት ደብር ውስጥ የማይዝ ልጅ ምን መደበቂያ አለው?

ለራሱ የመጣ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ታላቅ ወንድሙ ተክሌ እዚሁ ጉባኤ ውስጥ ሲያዜም ሌላውን ዝም የሚያሰኝ ተማሪ ነበር። ጣሊያን በወጣ ሰሞን ተስቦ ገባና ይዞት ሄደ። እናታቸው ፋንቱ ስማዳ ላይ ለቅሶ ተቀምጣ ሳለች የዋሴን እጅ ይዛ፣ «የወንድምህን ቦታ ባዶ አታስቀርብኝ» አለችው። ዋሴ ያኔ እርፍ ጨብጦ የሚያርስ ጎረምሳ ነው፤ ማረስም ይወዳል። ግን የምታለቅስ እናት እንዴት እንቢ ትባላለች? ማለላት። እሷም መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ እሱን ወደ ጋይንት ሸኘችው።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲጋመስ መምህሩ የኔታ ወልደ ገብርኤል ቁርጡን ተናገሩ። ፋሲካ ሳይደርስ ጾመ ድጓውን በቃሉ ያላወጣ ወደ አገሩ ይመለሳል። ዋሴ በየትኛው ዓይኑ እናቱን ያያል? እንቅልፍ አጣ፤ የለመነውም ቁራሽ አልወርድ አለው። በመጨረሻ የጎጆ ጓደኛውን ደምሌን፣ «አብሾ አዘጋጅልኝ» አለው።

አብሾ አስተናግር ከሚባል ዕፅ ፍሬ የሚዘጋጅ የተማሪ መጠጥ ነው። የጠጣው ሰው ልቡ ዞሮ ሲቀባጥር፣ ያኔ ጆሮው ላይ የተዜመለት ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ አይጠፋውም ይባላል። እገሌን ሊቅ አደረገው ይላሉ። አብዶ ገደል ለገደል ስለቀረው ግን ብዙም አያወሩም። የኔታ የሰሙ እንደሆነ ያባርራሉ። ደምሌ ራሱ ቀምሶት አያውቅም፤ ሲያወራ ግን ሲጠምቅ የኖረ ይመስላል።

አንድ ማለዳ ሌሎቹ ለልመና ሲወጡ ዋሴ በባዶ ሆዱ ጨለጠው። ደምሌም መጽሐፉን ዘርግቶ ጆሮው ሥር ያዜምለት ጀመር።

መጀመሪያ የዋሴ ምላስ ደረቀና ከላንቃው ተጣበቀ። ፊቱ ጋለ፤ ልቡ ደረቱን ይደልቀው ገባ። ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። ከዚያ ቀና ሲል ተክሌ በሩ ላይ ቆሟል። ሕልም ነው እንዳይል የተክሌ እግር ጭቃ ነበረበት፤ ደበሎውም ዝናብ ዝናብ ይሸታል። መሞቱ ትዝም አላለው። «ተነሥ እንጂ፣ እንቀጽል» አለው ተክሌ። ተያይዘው ወጡ። ዋሴ አፉን ሲከፍት ዜማው ያለ ማቋረጥ ፈሰሰለት። ተክሌ ይመራል፣ እሱ ይቀበላል፤ አንዲት የዜማ ምልክት አልሳተም። እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም። በመጨረሻ ተክሌ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አንድ ነገር ነገረው። የእጁ ሙቀት እስከ እግሩ ወረደ።

ሲነቃ ጎጆው ውስጥ ተኝቷል፤ ቀኑም አልፎ ማግስቱ ሆኗል። «ደምሌ፣ ያዝሁት! ሙሉውን ያዝሁት!» አለ። ደምሌ የራሱን ማጅራት እያሸ መሬት መሬት ያያል።

ዋሴ እየተንገዳገደ የኔታ ወደሚያስተምሩበት ወይራ ሥር ሄደ። የኔታ ተማሪዎቹን አሰናብተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። መጽሐፉን ገልጠው ሰጡት። ፊደሉ እንደ ተበተነ ጤፍ ሆነበት፤ ቢያርቀው፣ ቢያቀርበው አልሰበሰብ አለው። ቀና ሲል ግን ከገደሉ ማዶ፣ ተረተሩ ላይ የሚያርሱ በሬዎች ጥርት ብለው ታዩት።

«በቃልህ በል» አሉት።

አፉን ከፈተ። ምንም የለም። የመጀመሪያዋ ቃል እንኳ የለችም።

«የኔታ ይሙቱ፣ ሙሉውን ብየዋለሁ» አለ። «ተክሌ ሰምቶኛል።»

«የሰማሁህ እኔ ነኝ» አሉ የኔታ። «ደምሌ ደንግጦ ሲጠራኝ መጣሁ። አንተ ወደ ገደሉ ትሮጣለህ። ዜማም አልነበረም፣ ልጄ። በሬ ነበር የምትጠራው። ‹ቦራ! ዳልቻ! የት ሄዳችሁብኝ?› ትላለህ።»

«በሬ?»

«ብንይዝህ ትታገለናለህ፤ ብንለምንህ አትሰማም። ኋላ ደምሌን፣ ‹ይህ ልጅ በሬውን ካላገኘ ገደል መግባቱ ነው፤ በል ና› አልሁት። መቋሚያዬን በሁለታችን ትከሻ ላይ እንደ ቀንበር አጋድመን በገመድ አሰርነው። ያኔ ረጋህ። ጠመድኸን፣ ይህን ሜዳ ስታርስ ዋልህ።»

ዋሴ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያ ሁሉ አገር የሚሰግድላቸው መምህር!

«አልመታኸንም» አሉ የኔታ። «ትልም ስናጣምም ቆጣ ትላለህ እንጂ። ደግሞ ታንጎራጉራለህ። እዚህ ከመጣህ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም።»

«ተክሌ ራሴን ዳብሶ የነገረኝ ነገር ነበር» አለ ዋሴ። «እሱ ብቻ ጠፋኝ።»

የኔታ መጽሐፉን አጠፉት።

«ሲደክምህ ተንበረከክህ። እኔን ተክሌ አልኸኝ። ‹ተክሌ፣ ቦታህ ከበደኝ፤ ልመለስ፣ ፍቀድልኝ› እያልህ አለቀስህ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ ለቅሶህ አላባራ አለ። እጄን ጫንሁብህና ‹ፈቅጄልሃለሁ፣ ወንድሜ፤ ግባና እረስ› አልሁህ። ያኔ ተኛህ። በሞተ ሰው ስም መናገሬን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ዋሴ ተንሰቀሰቀ። ወንድሙ ሲሞት ያላለቀሰው ሁሉ አሁን ወጣ።

«እናቴስ?» አለ ሲወጣለት።

«ከፋሲካ በኋላ ስማዳ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ። ተክሌን ያስተማርሁትም የቀበርሁትም እኔ ነኝ፤ እሷን የምነግራትም እኔ ነኝ። ግንቦት ሲገባ እርሻው ሰው አይጠብቅም። ጠላ ግን እንዳትቀምስ፤ አብሾ የጠጣ ሰው ጠላ ሲቀምስ እብደቱ ይነሣበታል።»

ዋሴ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ነጠላቸው ተንሸራተተ። ትከሻቸው ላይ ቆዳው ተልጦ ደሙ ደርቋል።

«የኔታ! ትከሻዎ!»

ነጠላቸውን ቶሎ መለሱና ፈገግ አሉ።

«ደምሌ ሰነፍ በሬ ነው» አሉ። «ሁሉንም የጎተትሁት እኔ ነኝ።»