የተንሸራተተችው ሳንቲም

እኔ ውሸት አልጠላም። የጎረቤታችን ድመት ሬዲዮ ውጣ በየማታው ዜና ታሰማለች ብዬ ግማሹን ሰፈር በሯ ላይ አሰልፌ አውቃለሁ። ከሰልፈኞቹ አንዱ የአየር ትንበያውን ሰምቼ መጣሁ ብሎ ጃንጥላ ይዞ ነበር። የእኔ ውሸት ግን ከሰው ቤት ዕቃ አውጥቶ አያውቅም። ደሜ የፈላውም ለዚህ ነው።

የታላቅ እህቴ ባል፣ ጋሼ የምለው፣ ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ላይ አስቆመኝና ግራ ቀኙን አይቶ መዳፉን ከፈተልኝ። አንዲት አሮጌ ሳንቲም ናት። ዓመተ ምሕረቷ ድርብ ሆኖ ይታያል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ጥላውን አጠገቡ ያስቀመጠ ይመስላል። ፋብሪካው ሲሠራት ተሳስቶ ነው፣ እንዲህ ያለችውን ሰብሳቢዎች በቤት ዋጋ ይገዟታል አለኝ። ማን ነገረህ ስለው ማጉያ ነገረኝ አለ። ማጉያ የምንለው ገበያው ጫፍ ላይ አሮጌ ሳንቲም የሚነግደውን ሰውዬ ነው፤ ማጉያ መነጽሩን ከአንገቱ አያወርድም፣ ሳይተኛበትም አይቀርም። በምን ገዛሃት ስለው ግን ጋሼ ጫማውን ማየት ጀመረ።

በእህቴ የስፌት መኪና ለውጧት ነው።

እታለም ቤቱን የምታቆመው በዚያ መኪና ነው። ትምህርት ሊከፈት ነው፤ የዩኒፎርሙ ጨርቅ ተቆርጦ አልጋው ላይ ተከምሯል። ይሄ ሰው ክርና ቁልፍ ልትገዛ ስትወጣ ጠብቆ፣ መኪናውን ጋሪ ላይ አስጭኖ ሄደ። ስትመለስ ልጆቿን ምን ልታበላቸው ነው? ሳንቲም?

ሳንቲሟን ከእጁ መንጭቄ በሥራ መነጽሬ አየኋት። እኔ ማኅተም ቀራጭ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት በጊዜ ብንለያይም የተቀረጸና የተመታ ነገር አይቼ እለያለሁ። ሳንቲምም የሚመታው እንደ ማኅተም በተቀረጸ የብረት ቅርጽ ነው። ቅርጹ ራሱ ሲሠራ ድርብ ሆኖ ከወጣ፣ ሁለቱም ቁጥሮች እኩል ከፍ ብለው ይቆማሉ፣ ቁጥሩ ይወፍራል፣ ጥጉም ላይ የተሰነጠቀ ይመስላል። ሰብሳቢ የሚሻማው እሱን ነው። ቅርጹ ደህና ሆኖ ማሽኑ ላይ ካልጠበቀ ግን፣ መትቶ ሲነሳ ይንሸራተትና ቁጥሩን ከጎኑ ይጨፈልቀዋል። ያኔ ቁጥሩ ይቀጥናል፣ ጥላ የሚመስለውም እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ነው። የጋሼ ሳንቲም ደረጃ ነበራት፤ እዚያ ላይ ጉንዳን ቁጭ ብላ ታርፍበታለች።

ሳንቲሟን መልሼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩና ይህንን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። እሱ ግን፣ ድርቡ እየሰፋ ሲሄድ ዋጋውም ይጨምራል ብሎኛል ማጉያ፤ የዚች ደግሞ በጣም ሰፊ ነው አለኝ። ደግሜ ሳስረዳው ሰማኝ፣ ሰማኝና፣

«የድመቷንም ሬዲዮ አንተው ነህ የነገርከኝ» አለ።

ተቃጠልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ሲያምነኝ የኖረ ሰው፣ እውነት ስነግረው አፌ ላይ በሩን ዘጋ። እጁን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ማጉያ ሱቅ ወሰድኩት።

መኪናው በሩ ሥር ቆሟል። የእህቴ መርፌዎች የተሰኩባት ትንሽ ትራስ እንኳ አልተነቀለችም። ያንን ሳይ ሰውዬውን በራሱ መነጽር ገመድ ላንቀው ቃጣኝ፤ ግን ዋጥ አድርጌ ፈገግ አልኩ። አንድ የናጠጠ ሰብሳቢ ልኮኛል አልኩት፤ ሰውዬው ውሻውን እንኳ በወርቅ ሰንሰለት ነው የሚያስረው፤ ከጋሼ ሳንቲም ጋር ከአንድ ቅርጽ የወጣ ካለህ ያለህን ሁሉ ይወስዳል። ማጉያ ምራቁን ዋጠ። ከመሳቢያው አንድ ሳህን ሙሉ አውጥቶ፣ ሁሉም የአንድ ቅርጽ ልጆች ናቸው ብሎ ማለ።

በመስታወቱ ላይ ደረደርኳቸውና መነጽሬን ለጋሼ ሰጠሁት። እኔን አትመን፣ በዓይንህ እይ አልኩት። የአንዷ ጥላ ወደ ቀኝ፣ የሌላዋ ወደ ታች፣ የሦስተኛዋ ወደ ግራ ነው።

«ማኅተሙ ራሱ ድርብ ሆኖ ከተቀረጸ፣ የፈለግከውን ያህል ወረቀት ምታበት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚወጣው» አልኩት። «እንዲህ በየአቅጣጫው የሚሄደው የሚመታው ነገር ሲንሸራተት ነው።»

ጋሼ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ማጉያ ግን ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም። አይቶ፣ ወዶ፣ በገዛ እጁ ነው የለወጠው፤ ጠምዝዤዋለሁ እንዴ አለ። መኪናውንም ከነገ ወዲያ የሚወስደው ሰው አለ አለን። እውነት ተናግሬ፣ በማስረጃ አስደግፌ፣ ምንም አላመጣሁም። እንዲህ ዓይነት ንዴት አላውቅም፤ ውሸት ቢያንስ ሰው ያስቃል።

እታለም የገባችው ይሄኔ ነው። ባለጋሪው ነግሯታል። የተቆረጠውን ጨርቅ በአንሶላ ጠቅልላ አዝላዋለች። ሰላም አላለችንም፤ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን፣ እንደ ቆሻሻ። የማጉያን ወንበር ከኋላው ስባ መኪናው ፊት አስቀመጠች፣ ቁጭ አለች፣ ክሩን በመርፌው አሾለከች፣ መስፋት ጀመረች።

ሱቁ ተንቀጠቀጠ። ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ሳንቲሞቹ በመስታወቱ ላይ ይዘላሉ። ማጉያ፣ ወይዘሮ፣ ይሄ እኮ የንግድ ቤት ነው አላት።

«መኪናው ያንተ ነው አሉኝ፤ እጄ ግን የኔ ነው» አለች ሳታየው። «ወንበር አለህ፣ መብራት አለህ። ነገም እዚሁ ነኝ።»

አንድ ሰው ሳንቲም ሊያስመረምር ገባ። ልጅህ ስንተኛ ክፍል ነው ብላ ጠየቀችው፤ ሲመልስላት የልጁን የትከሻ ስፋት በእጁ አስለካችው። ሰውዬው ሳንቲሙን ረስቶ ወጣ። ሁለት እናቶች የመኪናውን ድምፅ ሰምተው ገቡ፣ ልጆቻቸው ተከተሉ፣ አንዱ ልጅ የማጉያን መነጽር ከአንገቱ አውልቆ የእህቱን ጥርስ ያይበት ጀመር። ማጉያ አፉን ይከፍታል፣ የሚሰማ የለም።

በመጨረሻ ሳንቲሜን መልሱና ይሄን ነገር ከፊቴ አንሱልኝ ብሎ ጮኸ።

ጋሼ ግን መዳፉ አልከፈትም አለ። ያን ሁሉ በዓይኑ አይቶ፣ አሁንም ጨብጧታል። እታለም አንገቷን አላቀናችም።

«ክፈት» አለችው።

ከፈተ። ሳንቲሟን መስታወቱ ላይ ሲያስቀምጣት ጥርሱን ያስነቀለ ይመስል ነበር። ማጉያ ቶሎ እንድንሄድለት ራሱ መኪናውን ሊገፋ እጁን ዘረጋ።

«አትንካ። ይቺን ኮሌታ ልጨርስ» አለች፤ ከዚያ የጨርቁን ጫፍ ለባሏ ወረወረችለት፣ ወጥሮ እንዲይዝላት። እኔንም ቆመህ አታፍጥ፣ ክር በጥስ አለችኝ። በጥርሴ በጠስኩ። ፔዳሉን የምትረግጠው እኛን እንደምትረግጥ ነበር።