በሌስተር ስም የመጡ ደብዳቤዎች

ጠበቃችን ወይዘሪት ታልቦት የምሠራበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ድረስ የደወለችልኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የኪሳራ መዝገባችን ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል አለችኝ። ባንኩ ቤታችንን በሐራጅ እንዳይሸጥ አግዶት የነበረው ያ መዝገብ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከባለቤቴ እኅት ከቤቨርሊ ጋር ቶሊዶ መሀል ከተማ ወዳለው የጠበቃዋ ቢሮ ሄድን።

«ክፍያው ከየካቲት ጀምሮ ቆሟል» አለች ወይዘሪት ታልቦት። «አላወቁም ነበር?»

አላወቅኩም ነበር። የዕዳችን ወርሃዊ ክፍያ ከባለቤቴ ከሌስተር ደመወዝ ተቆርጦ ፍርድ ቤቱ ለሾመው ባለአደራ በቀጥታ ይላክ ነበር። ሌስተር ጥር መጨረሻ ላይ ሞተ። ሟች ደመወዝ እንደማይከፈለው ማንም ያውቃል። እኔ ግን ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም።

«ባለአደራው አስጠንቅቆ ጽፏል፤ እኔም ጽፌያለሁ። አምስት ጊዜ ደውያለሁ።»

«በየትኛው ስልክ?»

ቁጥሩን አነበበችልኝ። የሌስተር ስልክ ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ተዘግቷል።

«ደብዳቤዎቹስ?»

«ደርሰውኛል» አልኩ። «አልከፈትኳቸውም።»

ፖስታዎቹ ላይ የሱ ስም ይቀድማል፤ የኔ ከሥር አለ። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን አንዳችን የሌላውን ደብዳቤ ከፍተን አናውቅም። ይህን ለወይዘሪት ታልቦት አልነገርኳትም።

ያሉኝን መንገዶች ዘረዘረችልኝ። አዲስ መዝገብ መክፈት ይቻላል፤ ነገር ግን በዓመት ውስጥ ሁለተኛ ስለሚሆን ዳኛዋ ካላራዘሙት እገዳው ሠላሳ ቀን ብቻ ነው የሚጸናው። ከሐራጁ በፊት ቤቱን ራሴ ብሸጠው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ወይም የተዘጋው መዝገብ እንደገና እንዲከፈት ማመልከት እችላለሁ፤ ለዚህ ከሚፈቀደው አሥራ አራት ቀን የቀረኝ አራት ነው።

«የመጨረሻው ነው የሚሻለው» አለች። «ግን ለምን ዝም እንዳሉ በመሐላ መጻፍ አለብዎት።»

ቤቨርሊ ጣልቃ ገባች። «ፖስተኛው ደብዳቤዎቹን ጣላቸው በያ! ባለፈው የኔን የልደት ካርድ የጎረቤት ውሻ ሲያኝከው ነው ያገኘሁት።»

«ይህን አልሰማሁም» አለች ወይዘሪት ታልቦት።

«ልድገምልሽ?»

ጠበቃዋ ረቂቁን ስትጽፍ «በደረሰባቸው ከባድ ሐዘን ምክንያት» የሚል ሐረግ አስገባች። እንድትሰርዘው ጠየቅኳት።

«ዳኛዋ እኮ የሚያዝኑልዎት በዚህ ነው።»

«እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም።»

«ዶሪን» አለች ቤቨርሊ፣ «ቤቱን ነው ወይስ ኩራትሽን የምትፈልጊው? አንዱን ምረጪ።»

ሁለቱንም እፈልግ ነበር። ሐረጉን አስሰርዤ ፈረምኩ።

ችሎቱ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ተሰየመ። የባንኩ ጠበቃ ስድስት ማስጠንቀቂያ ደርሶኝ ችላ ማለቴን ተናገረ። ውሸት አልነበረም።

ዳኛዋ መሐላዬን ገልበጥ አደረጉ። «‹ደብዳቤዎቹን አልከፈትኩም› ብለው ነው የጻፉት። ለምን እንዳልከፈቱ ግን አላየሁም።»

ወይዘሪት ታልቦት ልትነሳ ስትል ዳኛዋ በእጃቸው ምልክት አስቀመጧት።

ቆምኩ። ከኋላ ወንበሮች ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ አሥር ያህል ሰዎች ነበሩ።

«ክብርት ዳኛ፣ የባለቤቴ ስም የተጻፈባቸው ናቸው» አልኩ። «ከከፈትኳቸው እሱ እንደማይከፍታቸው ማመን ነበረብኝ።»

ያን ያህል ለማለት አላሰብኩም ነበር። ድምፄ እንዳይለወጥ ጠረጴዛውን ያዝኩ። የባንኩ ጠበቃ ወረቀቱን ተመለከተ።

«ከአሁን በኋላስ ማን ይከፍላል?» አሉ ዳኛዋ።

«እኔ። ከኔ ደመወዝ ይቆረጥ።»

«ይበቃል?»

«ለክፍያው ይበቃል። ለሌላው ብዙም አይተርፍም።»

መዝገቡ እንዲከፈት ፈቀዱ። ያለፉት ወራት ክፍያ በቀሪው ጊዜ ላይ ተደልድሎ ይታከላል፤ የአንድ ወር ክፍያ ካለፈኝ ግን መዝገቡ ያለ ተጨማሪ ችሎት ይዘጋል። የባንኩ ጠበቃ ይህ በጽሑፍ እንዲሰፍርለት ጠየቀ፤ ሰፈረለት።

ኮሪደሩ ላይ ቤቨርሊ ክንዴን ያዘችኝ። «ፖስተኛው ይሻል ነበር እያልኩ ነበር እኮ» አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«መኪናውን የት አቆምሽው?» አልኳት።

ከምሳ ሰዓት በፊት ትምህርት ቤት መድረስ ነበረብኝ። ደመወዜ እንዲቆረጥ የሚጻፈውን ትእዛዝ ለሒሳብ ክፍሉ ራሴ ላስረዳ ነው።