የእትዬ ዓይናዲስ አጥር

ደሳለ የቅሬው፣ የመንደሩ የቀብር ዕድር፣ ዳኛ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው። ለቅሶ የቀረውን ገሥጿል፤ ሬሳ ሲሸከም ያጉረመረመውን ይቅርታ አስጠይቋል። ከቅሬ ያስወጣው ሰው ግን አንድም የለም። ከቅሬ የወጣ ሰው ጎረቤት እሳት አያስጭረውም፣ ሲሞትም ቀባሪ የለውም። አሁን ግን ይህንኑ ፍርድ እሑድ ዕለት በእትዬ ዓይናዲስ ላይ መስጠት ሊኖርበት ነው፤ ብቻቸውን በሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ባለፋቸው ሴት ላይ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት መጋቢት ነው። መንደሩ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደን ሥር፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ነው። እሳቱ ከተራራው አናት ከአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ተነሣ፤ ማን እንደለኮሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወንድ ሴቱ ቅጠል እየያዘ ወደ ደኑ ሮጠ፤ ጽዱም ወይራውም ቤተ ክርስቲያኑም ተረፈ። ነገር ግን ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ደኑ አዙሮ ሲታገል፣ እሳቱ በደረቀው የቀጋ አጥር ላይ እየተሳበ ከኋላቸው ወረደ። አዝመራው የሚባል ገበሬ ቤቱ ከነገብሱ አመድ ሆነበት። ሚስቱና ልጆቹ በሰው እጅ ተጎትተው ወጡ።

ክረምቱ እንዳለፈ ሰብሌ የምትባል የደን ባለሙያ ከወረዳ መጣች። ቤቶቹን አንድ በአንድ እየዞረች ርቀታቸውን በእርምጃ ለካች። ስትጨርስ፣ «እሳት መንገድ አያውቅም፤ መንገዱን የምትሠሩለት እናንተ ናችሁ» ብላቸው ሄደች። ቅሬው ተሰብስቦ ሕግ አወጣ። የጭድ ክምር ከቤት ሠላሳ እርምጃ ይራቅ፤ ግድግዳ ሥር ያለው ሣር እስከ አፈሩ ይታጨድ፤ የእሾህ አጥር ተነሥቶ በድንጋይ ካብ ይተካ፤ እምቢ ያለ ከቅሬ ይውጣ። የላስታ ሰው ድንጋይ አይፈራም፤ በደቦ የአሥራ ሰባት ቤት አጥር ተነሥቶ ካብ ተካበ። እምቢ ያሉት እትዬ ዓይናዲስ ብቻ ናቸው። ደቦው ሁለት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ሄዶ፣ «ባሌ ያጠረውን አጥር አላስነካም» ተብሎ ተመለሰ። ቤታቸው ደግሞ ከሁሉ በላይ፣ ከደኑ ጥግ ነው። ከሥራቸው ያለው አዲስ ቤት የአዝመራው ነው።

ዓርብ ዕለት አዝመራው ደሳለን መንገድ ላይ አቆመው።

«አያ ደሳለ፣ ሕጉ ለእኔ ቢጤ ብቻ ነው እንዴ?»

«ለሁሉም ነው።»

«እንግዲያው ያን ጭራሮ ከራሴ በላይ አስቀምጠህ እኔ እንዴት ልተኛ? ልጆቼኮ ጫማቸውን አድርገው ነው የሚተኙት። ‹ብንሮጥ እሾህ እንዳይወጋን› ይሉኛል።»



ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደሳለ ብቻውን ወደ እትዬ ዓይናዲስ ወጣ።

«ዳኛው መጡ!» አሉ ከበራቸው ላይ። «ብቻህን ነህ ወይስ ሬሳ ተሸካሚዎቹንም አምጥተሃል?»

«ብቻዬን ነኝ እትዬ።»

«እንግዲያው ግባ። ለአንድ ሰው የሚሆን መደብ አለኝ።»

በሶ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ሰጡት። ደሳለ እየጠጣ ምድጃውን አየ። ተጠርጓል፤ አመዱም ነጭና ቀዝቃዛ ነው። የዚህ ቤት ጭስ ድሮ ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ ይታይ እንደነበር ትዝ አለው። ጾም ስለሆነ ነው ብሎ አለፈው።

«አጥሩን አንድ ጊዜ ልየው?» አላቸው።

«ከውጭ አላየኸውም?»

«ከውስጥ አላየሁትም።»

ፊታቸው ተለወጠ፤ ነገር ግን አልከለከሉትም። አጥሩ ከውጭ ሲታይ የሠንጋ ደረት ያህል ወፍራም ነው። ከውስጥ በኩል ግን ባዶ ነው። ከበሩ ጀምሮ እስከ ጓሮው ማዕዘን ድረስ ቅርንጫፉ እየተመዘዘ፣ የቀረው የውጭ ቅርፊቱ ብቻ ነው። ስብራቱ አዲስ ነው፤ እንደ አጥንት ይነጣል። እሾህ የሚያዝበት ባለ ሁለት ጣት እንጨት፣ ሜንጦው፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

ደሳለ ያን ጊዜ ገባው። ላማቸው ካቻምና ሞታለች፤ ላም ከሌለ ኩበት የለም። ጉልበታቸው ቁልቁለቱን አይወርድም። ልጃቸው ወልዲያ አግብታ በዓመት አንዴ ትመጣለች። ባል ያጠረውን አጥር ከውስጥ በኩል እየበሉ፣ በሦስት ቀን አንዴ እሳት እያነደዱ ነው የሚኖሩት።

«እኛ እንጨት እናመጣልዎታለን» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አምና ጎረቤት አንድ ቁና ገብስ ቢያመጣላቸው፣ «ገና አልሞትኩም፤ ተዝካሬን በቁሜ አታውጡ» ብለው በማግስቱ እንደመለሱት ያውቃል። ወደ ጎን ሲመለከት ከቤቱ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ ያለውን አሮጌ አውድማቸውን አየ። ባልየው ከሞተ ወዲህ እህል አልተወቃበትም፤ ነገር ግን ዙሪያው በድንጋይ የተከበበ፣ ወለሉ ሣር የማያበቅል ጠፍጣፋ ዓለት ነው።

«በሶው ጥሩ ነበር» ብሏቸው ወረደ።

በቀጥታ የሄደው ወደ ሚካኤሉ ቄስ፣ ወደ መምሬ ሰውአገኝ ነው። የሚካኤል ደን ወለል በወደቀ ጭራሮ ተሸፍኗል። የታቦት ደን ነው ተብሎ ስንጥር የሚያነሣ የለም። ሰብሌ ከሁሉ አብልጣ የፈራችውም እሱኑ ነበር።

«የሚካኤል እንጨት ለሚካኤል ነው» አሉ መምሬ።

«እሳቱ ግን ባለፈው ዓመት ፈቃድ አልጠየቀንም፣ አባቴ።»

መምሬ ጢማቸውን ይዘው ወደ ደኑ ተመለከቱ። «የቆመ ዛፍ አይነካ። የወደቀው ይነሣ» አሉ በኋላ። «ግን የደብሩ ነገር እንዲሁ በየቤቱ አይበተንም። ማን ይጠብቀዋል?»

«እሱን ለኔ ይተዉት።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ወይራው ሥር ተቀመጠ። ደሳለ ስም ጠራ፤ እያንዳንዱም «አለሁ» አለ።

«እትዬ ዓይናዲስ?»

«አለሁ» አሉ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ፍርዱን ለመስማት ተዘጋጅተው። አዝመራው መሬት መሬት ያያል።

«የደኑ ወለል እንዲጠረግ መምሬ ፈቅደዋል» አለ ደሳለ። «እንጨቱ የሚያርፍበት ሣር የሌለው፣ ከቤት የራቀ ቦታ ያስፈልጋል። ቅሬው የእርስዎን አውድማ ይለምናል። ጠባቂም ያስፈልጋል። ጠባቂ ደግሞ የምድጃውን ከዚያው ያነሣል፤ የደብር ወግ ነው።»

እትዬ ዓይናዲስ አተኩረው አዩት።

«የምጠብቀው ከሌባ ነው ከእሳት?»

«ከሁለቱም።»

«ሌባውስ ይቅር፤ ጥርስ የለኝም፣ አልነክሰውም።» ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «አጥሬስ?»

«ሕግ ነው እትዬ። አጥሩ ይነሣል» አለ ደሳለ።

ወደ አዝመራው ዞሩ። «አንተ፣ ልጆችህ ጫማ አድርገው ይተኛሉ የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ በር ከፈቱልኝ?»

እሳቸውም ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ነገ ኑ። የመጀመሪያውን እሾህ የማነሣው ግን እኔ ነኝ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ደቦው ሲደርስ ሜንጦአቸውን ይዘው ቆመው ነበር። አንድ ቅርንጫፍ ጎትተው ጣሉ። የውጩ ቅርፊት በአንድ ጊዜ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ባዶው ሆዱም ተገለጠ። ድንጋይ ያነሡ ሰዎች ድንጋዩን እንደያዙ ቀሩ። አዝመራው የተሰበረውን እንጨት አየ፣ ቀጥሎ ሜንጦውን፣ ቀጥሎ ሴትየዋን።

«ምስጥ ነው» አለ አዝመራው ጮክ ብሎ። «ይህን አጥር ምስጥ በልቶታል።»

«አዎ፣ ምስጥ ነው» አለ ደሳለ።

«ምስጥስ ምስጥ ነው» አሉ እትዬ ዓይናዲስ። «ያውም አሮጊት ምስጥ።» ቀድመው የሳቁት እሳቸው ናቸው።

ካቡ በሁለት ቀን አለቀ። በሳምንቱ መጨረሻ የሚካኤል ጭራሮ በአውድማው ላይ ተከምሮ፣ ከእትዬ ዓይናዲስ ጣሪያ በየጠዋቱ ጭስ ይወጣ ጀመር። መጋቢት ገብቶ ነፋሱ ሲነሣ የአዝመራው ሚስት አንድ ማለዳ እሳት ልትጭር ወደ እትዬ ዓይናዲስ ወጣች። ደሳለ በታች በኩል ሲያልፍ የአሮጊቷ ድምፅ በካቡ ላይ ተሻግሮ ሲመጣ ሰማ።

«ክዳን አምጪ አንቺ! በዚህ ንፋስ ባልተከደነ ገል ላይ ፍም ይዞ መሄድ ከቅሬ ያስወጣል!»