ላስቲኩን ማን ከፈተው

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ትኬት ቆራጭ አላልኩም፤ ተቆጣጣሪ። ድንገት ፌርማታ ላይ ዘሎ ይገባና «ትኬት!» ብሎ እጁን የሚዘረጋው፣ ተሳፋሪው ኪሱን ሲዳብስ ዓይን ዓይኑን የሚያየው ያ ሰው። ጡረታ ከወጣ ሰነባብቷል፤ ዓመሉ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም። ቤቱ የመጣ ሰው፣ ዘመድም ይሁን ቧንቧ ጠጋኝ፣ ከእግር እስከ ራሱ ሳይገመገም ወንበር አያገኝም። የሰፈሩ ሰው ፊት ለፊት «ጋሼ» ይለዋል፤ ዞር ሲል ግን ስሙ «ኬላ» ነው። እኔም ኬላ እያልኩ ልቀጥል። ቅር ካለው ይምጣና ይጠይቀኝ።

ኬላ ሚስቱን ይወዳል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ሰውዬውን በከንቱ የማማው እንዳይመስላችሁ ነው። ሚስቱ ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከእሱ አስቀድማ፣ ቲማቲሞቿን ትወዳለች። በረንዳው ላይ በአሮጌ ባልዲና በዘይት ቆርቆሮ ተክላ፣ በቀጭን እንጨት ደግፋ፣ በጨርቅ ቁራጭ አስራ ነው የምታሳድጋቸው። የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ልትደረግ ሆስፒታል ስትገባ ቲማቲሞቹ ገና አበባና ጥሬ ፍሬ ላይ ነበሩ።

«እህቴን እጠራታለሁ፤ እሷ ትጠብቅልኛለች» አለች።

«እህትሽ ለምን? እኔ ምን ሆኜ?»

«አንተማ…» አለችና ተወችው።

ያቺ «አንተማ» ኬላ ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች። አንተማ ምን? አትችልም? አትታመንም? ሌላውን ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ባልዲ መጠበቅ ያቅተዋል? «ስትመለሺ አንድ ባልዲ ጎድሎ ብታገኚ ከዚህ ቤት አባሪኝ!» አለ አፉን ሞልቶ። ሚስቱም ፈገግ እንደማለት አለች። «እሺ፣ ላንተ ሰጠሁ። ብቻ በሕይወት ይቆዩኝ» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ለኬላ የቀረው ጉዳይ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሚስቱ በሩን ከፍታ ስትገባ ቲማቲሞቹ ቆመው እንዲጠብቋት፣ እሷም «አንተማ» ያለችውን እንድትውጥ።

የሚስቱ ቁስል አመረቀዘና መመለሻዋ ተራዘመ። ብርዱ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሰው ሁሉ ስስ ልብስ ለብሶ በሚወጣበት ወር፣ ማንም ሳያስበው ከች አለ። ጠዋት ሲነሱ የመኪናው ሁሉ መስታወት ላይ አመዳይ ተጋግሯል፤ የጎረቤት አበባ ጠቁሮ ተኝቷል። ኬላ በረንዳ ወጥቶ ክው አለ። ዳር ያለው ባልዲ ቅጠሉ ተለብልቧል። ሮጦ ሱቅ ሄደና ወፍራም ላስቲክ ገዛ፤ ከበረንዳው ጣሪያ እስከ ወለሉ ጋርዶ፣ ጠርዙን በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጦ፣ ከታች ጡብ ጫነበት። ሚስቱ ስትደውል «ትንኝ እንኳ አታልፍም!» አላት።

«ጎሽ! ቀን ቀን ግን…»

«አታስቢ ብያለሁ! አንቺ ብቻ ዳኚልኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ኬላ ስልክ ላይ ሰው አስጨርሶ አያውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሲወጣ ላስቲኩ ተከፍቷል። ነፋስ ነው አለ። ግን የትኛው ነፋስ ነው መቆንጠጫ እየነቀለ መስኮት ደፍ ላይ ረድፍ አስይዞ የሚያስቀምጠው? መልሶ ዘጋው። በሚቀጥለውም ቀን ተከፍቶ አገኘው። ያኔ የኬላ የድሮ ደሙ ተንቀሳቀሰ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ማነው? እሱ፣ ልጁና የልጁ ሚስት። ልጁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ምራቲቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሥራ የምትገባው ረፋድ ላይ ነው። በቃ፣ አለቀ! መርማሪ መጥራት አያስፈልግም። ደግሞም ኬላ ይህችን ልጅ ከመጀመሪያውም ልቡ አልተቀበላትም። ምን አደረገችህ ብትሉት መልስ የለውም። ዝምተኛ ናት፤ እሱ ደግሞ ዝም የሚል ተሳፋሪ ትኬት የለውም ብሎ ያረጀ ሰው ነው።

ጆሮውን ቀስሮ መዋል ጀመረ። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ገብታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በስልክ ታወራለች። «እሺ… እሺ… አዎ፣ ገና አልተነሱም… ኧረ አላዩኝም» ስትል ሰማት። ብቅ ሲል ስልኩን ኪሷ ከተተች።

«እንዴት አደሩ አባባ? ሻይ ላፍላልዎት?»

«ደግሞ ሻይ ትለኛለች» አለ በልቡ። ሻዩን ግን ጠጣው።

ከዚያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የተቀነጠሰ የቲማቲም ቀንበጥ አገኘ። ለጋ ለጋ፣ ሽታው እንኳ ገና ያልጠፋ። ኬላ እዚያው ተንበርክኮ፣ ከሽንኩርት ልጣጭና ከእንቁላል ቅርፊት መሃል አንድ በአንድ ለቅሞ በጋዜጣ ጠቀለለው። እንዲህ ያለ ማስረጃ አውቶቡስ ላይ እንኳ ገጥሞት አያውቅም። ጥቅሉን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከካልሲዎቹ ስር ደበቀው።

በነጋታው የተኛ መስሎ ቆየና ከመኝታ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ቆመ። ልጅቷ ራሷ ላይ ፎጣ ጠምጥማ ወጣች። መቆንጠጫዎቹን ነቀለች፤ ላስቲኩን ወደ ላይ ጠቀለለች፤ ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አበባ አበባውን እየመረጠች በጣቷ ጠቅ ጠቅ ታደርገው ገባች። አንዱ ቢጫ አበባ ወለሉ ላይ ወደቀ።

የኬላ ቆሽት አረረ። ፍሬ እንዳይይዝ ካልሆነ አበባ ለምን ይመታል? ነገሩ አሁን ቁልጭ ብሎ ታየው። አማቷ የደከመችበትን ልታጠፋ ነው፤ አማቷ ስትመለስ ደግሞ ጥፋቱ የማን ይሆናል? የእሱ! «አንተማ» የሚባለው ማነው? እሱ! ወጥቶ ሊጮህባት ፈለገና ራሱን ያዘ። ልጁ ባለበት ነው እንጂ፣ ብቻዋንማ ብይዛት ትክደኛለች አለ።

እራት ላይ ጋዜጣውን ጠረጴዛው መሃል ዘረገፈው።

«ይሄ ምንድነው?»

ልጁ ማንኪያውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ። «ቅጠል ነዋ፣ አባዬ።»

«ቅጠል! የእናትህ ቲማቲም ነው። የቆረጠችው ሚስትህ ናት። ላስቲኩንም በብርድ የምትከፍተው እሷ ናት። አበባውን ስትደበድብም በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ!»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። «አባባ፣ እማማን ይጠይቋቸው» አለች።

«እንዴ! ታማ የተኛች ሰው ላይ ልታሳብቢ?»

«አባዬ፣ ኧረ ቆይ፣ አንዴ ትናገር…»

«አንተ ዝም በል! ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለህ እየዋልክ እዚህ የሚሠራውን የት ታውቃለህ?»

ልጅቷ ሳህኗን አንስታ ተነሳች። «እሺ አባባ፣ ሁለተኛ አልነካቸውም» አለችና ገባች። ልጁም ምግቡን ትቶ ተከተላት። ሁለቱም ራት አልበሉም። ኬላ ግን ጥርግ አድርጎ በላ፤ ይህንንም ልናገርበት።

ያን ለት ማታ ብርዱ ባሰ። ጠዋት ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አናት የሚበሳ ፀሐይ ወጣ። ኬላ መቆንጠጫውን አላመነውምና የላስቲኩን ጠርዝ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው። ወንበር አምጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

«አባባ… ዛሬ ፀሐዩ ከባድ ነው። ትንሽ ቢገልጡላቸው…»

«ሥራሽ አይረፍድብሽም?»

ሄደች። ኬላ እግሩን ዘረጋ። ላስቲኩ ከውስጥ ጤዛ አወጣ፤ ጠብታው ይወርድ ጀመር። «እሰይ፣ ሞቃቸው» ብሎ ደስ አለው። ደስታውን እያጣጣመ ሳለ ሳሎን የተወው ስልኩ ጮኸ። ብድግ ሊል ሲል አንድ ነገር ብልጭ አለለት። እህ! ገባኝ። ከዚህ ወንበር ልታስነሳኝ ነው። እኔ «ሃሎ» እያልኩ እሷ በጓሮ ዞራ ልትገባ! አልነሳም። ስልኩ ዝም አለና እንደገና ጮኸ። ደግሞም ጮኸ። በጮኸ ቁጥር ኬላ ወንበሩ ላይ ይበልጥ ተደላደለ፤ ብልጠቱ ራሱን እስኪያስቀው ድረስ። አይ ሰው! አንዳንዴ እንዲህ የሚያደርገንን እኔ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከላስቲኩ ጀርባ የሚታየው አረንጓዴ ጥላ ዝቅ ያለ መሰለው። ዓይኔ ነው አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን አላስችል አለውና ፕላስተሩን ገነጠለ። ሙቀቱ ድስት የተከፈተ ያህል ፊቱን መታው። ቅጠሉ ሁሉ እንደተቀቀለ ጎመን ተልፈስፍሶ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። አበባው ረግፏል። አንዱን ቅርንጫፍ በመዳፉ ደግፎ ቀና አደረገው፤ ሲለቀው ወደቀ። ሌላውንም ሞከረ። በጣሳ ውሃ እያመላለሰ አጠጣ፤ የፈሰሰው ወለሉን አረጠበው።

«መርዝ ነው» አለ። «ማታ መርዝ ጨምራበታለች።» ጎንበስ ብሎ አፈሩን አሸተተ። አፈር አፈር ይሸታል። ሌላውንም ባልዲ አሸተተ።

እንደዚያ አጎንብሶ ሳለ በሩ ተከፈተ። ሚስቱ ናት፤ ከሆስፒታል ወጥታ። ከስታለች። ልጁ ክንዷን ይዟል፣ ምራቲቱ ሻንጣዋን ተሸክማለች። ሚስቱ ወደ ሳሎን እንኳ ዞር ሳትል ቀጥታ ወደ በረንዳው መጣች፤ አየችና ግድግዳውን ተደገፈች።

«ስደውልልህ ለምን አታነሳም?» አለችው።

«አንቺ ነበርሽ እንዴ?»

«ማን ሊሆን ነው? ይህቺ ልጅ አላስጠጋ አሉኝ ብላ ከሥራ ቦታዋ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ክፈተው ልልህ እኮ ነው!»

ከዚያ የተደበቀው ነገር ሁሉ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ በስልክ የምታወራት ለካ አማቷን ኖሯል። ማታ ይሸፈን፣ ፀሐይ ሲወጣ ግን ይከፈት፣ አለዚያ ይቀቀላል ያለቻት አማቷ ናት። በግንዱና በቅርንጫፉ መሃል የሚወጣው ቀንበጥ ጉልበቱን ስለሚበላበት ቀንጥሺው ያለቻትም እሷ ናት። በዚህ ብርድ ንብ ስለማይመጣ፣ የአበባው ዱቄት ተራግፎ ፍሬ እንዲይዝ አበባውን በጣትሽ ጠቅ ጠቅ አድርጊው ያለቻትም እሷው ናት።

«እና ለእኔ ለምን አይነገረኝም?» ኬላ ጮኸ። «በገዛ ቤቴ! እንደ ሌባ ተደብቃችሁ!»

«ልነግርህ ስጀምር ጆሮዬ ላይ ዘጋኸዋ።»

«እሺ እሷስ? አፍ የላትም?»

ሚስቱ ጎኗን ይዛ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። «ብትነግርህስ ታምናት ነበር?» አለችው።

ኬላ እንዲያው ለመልስ ያህል ሳይሆን ከልቡ አሰበው። በብርድ ላስቲኩን ክፈት ብትለው፣ ቲማቲሙን ልትገድልብኝ ነው ይል ነበር። አበባ ምታ ብትለው ይስቅባት ነበር። ቀና ብሎ ልጅቷን አየ፤ ሻንጣውን እንኳ ገና መሬት አላስቀመጠችም።

«አላምናትም ነበር» አለ።

የሚስቱ እንባ በጉንጯ ወረደ። «እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ እነሱን ነበር የማስበው» አለች። ኬላ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያን ሁሉ ጊዜ በሌላ ሰው ዓይን ላይ የሚፈልገውን ጥፋት ዛሬ የት እንዳለ አወቀ፤ ማወቁ ደግሞ ምንም አልረዳውም።

ልጅቷ ሻንጣውን አስቀምጣ ወደ ባልዲዎቹ ጠጋ አለች፤ እጇን ግን አልሰነዘረችም። ጎንበስ ብላ ግንዱን ከስር ተመለከተች። «ስሩ ጋ ገና አረንጓዴ ነው» አለች ወደ አማቷ ዞራ። «የተቀቀለው ከላይ ቢነሳለት ከታች ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ላይሆንም ይችላል።»

«ማን ነገረሽ?» የሚለው ኬላ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠው። ወጥ ቤት ገብቶ መቀስ አመጣና ዘረጋላት።

«እርስዎ ይቁረጡ» አለች እጇን ወደ ኋላ አድርጋ። «እኔ አልነካም።»

ኬላ መቀሱን እንደያዘ እርጥብ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። «የት ጋ እንደምቆርጥ አሳይኝ» አለ።

በሩቁ በጣቷ አመለከተችው።

«እዚህ ጋ?»

«ከዚያ በታች።»

«እዚህ?»

«አሁንም በታች፣ አባባ።»

እንደዚያ ዝቅ ተብሎ ከተቆረጠ ምንም የሚተርፍ አልመሰለውም። ቢሆንም ቆረጠ። ወደሚቀጥለው ባልዲ ሲጠጋ እሷ እስክታሳየው ጠበቀ።