ፊት ሁለት፣ ኋላ አራት

ባለቤቴ ፕሊኒዮ ከመሞቱ በፊት የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኤርሲሊያ፣ ለቀብሬ እንኳ በሰዓቱ አድርሱኝ፤ ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስረፍድ ኖሬያለሁ» አለኝ።

አላጋነነም። ፕሊኒዮ የኮንቾ፣ ማለት በመስመር የሚመላለስ የጋራ ታክሲ፣ ሹፌር ነበር። ከሎስ አልካሪሶስ እስከ ዱዋርቴ ጎዳና፣ በአንዲት አሮጌ መኪና፣ ፊት ሁለት ኋላ አራት እየጫነ ግማሽ ዕድሜውን ተመላልሷል። መኪናዋን የሠሯት ሰዎች ከሹፌሩ ጎን አንድ ሰው እንዲቀመጥ ነበር ያሰቡት። ሳንቶ ዶሚንጎን ስላላዩ አይፈረድባቸውም። እኛ ጋ ፊት ወንበር ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል። መሃል የሚገባው ሰው የማርሽ ዘንጉን በጉልበቱ አቅፎ ይጓዛል፤ ሹፌሩም ማርሽ በለወጠ ቁጥር «ይቅርታ» ይለዋል። እኔና ፕሊኒዮ የተዋወቅነው እንዲህ ነው፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ።

ከተማችን አድጋለች። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ መንገድ ዳር የተተከለው ትልቁ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው ባቡር ተሥሏል። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ይስቃሉ። ሰሌዳው ከተተከለ ወዲህ ቀለሙ ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ ስለዚህ ሥራው ቆሟል ማለት ሐሜት ነው። ጥቅም የለውም ማለትም ግፍ ነው፤ ኮንቾ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ከፀሐይ የሚጠለለው በእሱ ጥላ ነው።

ቀብሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የመቃብሩ በር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያረፈደ ሬሳ እስከ ሰኞ ይቆያል። በእኛ ሙቀት እስከ ሰኞ መቆየት ምን ማለት እንደሆነ አልናገርም።

ሹፌር ሲሞት ጓደኞቹ በየመኪናቸው ሆነው በሚሠራበት መስመር ይሸኙታል። ከፊት የሬሳው መኪና፣ ቀጥሎ የፕሊኒዮ መኪና፣ ከኋላ ደግሞ ሌሎች ሰባት ተሰለፉ። የፕሊኒዮን መኪና የያዘው አበልጃችን ኤውክሊደስ ነው፤ እሱም ሹፌር ነው። ኋላ የፕሊኒዮ እህት ናርሲሳ የአበባ ጉንጉኑን አቅፋ ተቀመጠች። እኔ ፊት ወንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ተቀመጥኩና እግሬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሰሌዳው ጋ ስንደርስ ጥላው ሥር ሰው እንደ ጉንዳን ፈስሷል። አንዲት ወፍራም ሴት ጣቷን ወደ ፊት ቀሰረች። ጣት ወደ ፊት ከተቀሰረ «ቀጥታ» ማለት ነው። መኪናችን ቀጥ አለ።

«ምነው?» አልኩት ኤውክሊደስን።

«ምኑ?»

«ቆምክ እኮ!»

እግሩን ፍሬኑ ላይ አየው። የሌላ ሰው እግር ነው የመሰለው። «ውይ አበልጄ! ጣቷን ሳይ እኮ ነው...»

ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ናርሲሳን እየገፋች ነበር። «ጠጋ በይ እናቴ። አበባውን ጉልበትሽ ላይ አድርጊው።»

«ቀብር ላይ ነን!» ጮኸች ናርሲሳ።

«ቀጥታ ነው የምትሄዱት?»

«አዎ፣ ግን...»

«ቀጥታ ከሆነ ምን ቸገረኝ። ነፍስ ይማር።»

በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየሁ። ሰባቱም መኪናዎች ቆመዋል። የሰባቱም ሹፌሮች ፊት ሐዘን እንዳጠላበት ነው፤ እጃቸው ግን በመስኮት ወጥቶ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ኋላ!» ይላል።

«ኤውክሊደስ፣ አውርዳት። እናረፍዳለን» አልኩ።

«እዚህ ፀሐይ ላይ? ፕሊኒዮ ቢሆን ያወርዳት ነበር?»

ፕሊኒዮ የቆመ ሰው ጥሎ ማለፍ አይሆንለትም ነበር። ምጥ ይዞኝ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስደኝ እንኳ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ጭኗል። ከሁለቱ አንዱ ይኸው ኤውክሊደስ ነው። ያኔ ገና ተሳፋሪ ነበር፤ አብሮን ሲጨነቅ አድሮ ልጃችንን ክርስትና አነሳ።

ቀጣዩ ማዕዘን ላይ የምሳ ዕቃና የእጅ ባትሪ የያዘ ሽማግሌ ፊት ገባ። እኔ ወደ ማርሹ ተጠጋሁ።

«ይቅርታ ዶኛ፣ እመቤቴ፣ ትንሽ... እሰይ። በመቃብሩ በኩል ታልፋላችሁ?»

«ሁላችንም ወደዚያው ነን፣ አባት» አለ ኤውክሊደስ።

«እሱስ እውነትህን ነው። እኔ ግን ለሥራ ነው። የማታው ዘበኛ ነኝ፤ ቴኦፊሎ እባላለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካልደረስኩ የቀኑ ዘበኛ ጥሬዬን ይበላኛል።»

«እኛም ካልደረስን ሟቹ እስከ ሰኞ ሊቆይ ነው» አልኩት።

«የቱ ሟች?»

ከፊታችን ያለውን ጥቁር መኪና አሳየሁት። ባርኔጣውን ለማውለቅ ክርኑን አገጬ ላይ ማሳረፍ ነበረበት። «ነፍስ ይማር። ማን ይባላል?»

«ፕሊኒዮ።»

«ፕሊኒዮ? የመኪናው በር በገመድ የሚታሰረው?»

«ገመዱ እጅህ ላይ ነው።»

ገመዱን አየው። «እኔን! እኔን! ይኼ ሰውዬ ስንት ቀን አስረፍዶኛል መሰለሽ!» አለና ዓይኑ እንባ ሞላ። ከጠዋት ጀምሮ ከሰማሁት የማጽናኛ ቃል ሁሉ ከልብ የመጣው ይኼ ነው።

አዲሱ ድልድይ ላይ ስንወጣ መንገዱ ተዘጋ። ድልድዩ የተሠራው ለመጨናነቁ ነው፤ ድሮ መሬት ላይ ነበር የምንጨናነቀው፣ አሁን ከፍ ብለን ነው። ኦቾሎኒ ሻጮች በመኪናዎቹ መሃል ይመላለሳሉ። አንድ ጎረምሳ ውሃና ጨርቅ ይዞ የሬሳውን መኪና መስተዋት ሳይጠየቅ አጥቦ እጁን ዘረጋ።

«ወራጅ አለ! የሚመችህ ጋ!» አለች ወፍራሟ ሴት። ወርዳ በእግሯ ቀደመችን። ከአበባ ጉንጉኑ አንዲት ጽጌረዳ ቀሚሷ ላይ ተጣብቃ አብራት ሄደች።

የሆነ መኪና ሬዲዮ አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑን ተናገረ።

«በቃ አለቀልኝ» አለ ቴኦፊሎ።

«አይዞሽ አበልጄ፣ እንደርሳለን» አለ ኤውክሊደስ።

«መቼ?»

«ሰኞም ቢሆን...»

ናርሲሳ በአበባው ጉንጉን አናቱን መታችው። እኔ አላለቀስኩም። ጥቁሩን መኪና እያየሁ፣ «አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀኝ» እላለሁ በሆዴ።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ከተባለው ሰዓት በጣም አልፏል። በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። መሃሉ ላይ አንድ ሰው ልብሱን ቀይሮ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። የሬሳውን መኪና ዞር ብሎም አላየው። ያፈጠጠው ከጎኔ ተላቅቆ በሚወርደው ቴኦፊሎ ላይ ነው።

«አንተ ሽማግሌ! ስንት ሰዓት ነው?»

«መንገዱ እኮ...»

«ሁልጊዜ መንገዱ! የምትቆልፈው አንተ፣ ቁልፉን የማስረክበው ላንተ! እዚህ ሙታን መሃል ገትረኸኝ!»

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በሩ ያልተዘጋው የሚዘጋው ሰው ስላልመጣ ነው። የሚዘጋው ሰው ያልመጣው ደግሞ የፕሊኒዮን በር በገመድ ይዞ ከእኔ ጋር ስለተቀመጠ ነው። ፕሊኒዮ በሰዓቱ ደረሰ፤ እንደ ልማዱ ሌላ ሰው አስረፍዶ።

ጉድጓዱ ዙሪያ ብዙ ሰው ቆመ። ቄሱ፣ «ይህን ሁሉ ወዳጅ ያፈራ ሰው የታደለ ነው» አሉ። ከወዳጆቹ ግማሾቹ ከወረዱ ሌላ ኮንቾ ስለማያገኙ ቀብሩ እስኪያልቅ የሚጠብቁ ተሳፋሪዎች ነበሩ። ቢሆንም አፈር ሲመለስ አለቀሱ።

ከቀባሪው ጋር ተሳስሜ ተሰነባብቼ ስወጣ ስምንቱም መኪናዎች ጢም ብለዋል። እነዚያ ተሳፋሪዎች ተመልሰው ገብተዋል፣ መንገድ ዳር የቆሙትም ተጨምረዋል። በእኔ ቦታ የቀኑ ዘበኛ ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጧል።

«ውረድ ጌታዬ፣ ባለቤቷ ናት!» ኤውክሊደስ ክንዱን ይጎትተዋል።

«ተወው» አልኩ። «ፕሊኒዮ ቢሆን ያወርደው ነበር?»

ሄዱ። መንገድ ዳር ቆሜ ጣቴን ወደ ፊት ቀሰርኩ። የመጀመሪያው ኮንቾ ሞልቶ አለፈ። ሁለተኛው ቦታ ነበረው፤ እሱም አለፈ። ሦስተኛው ቆመ። ፊት የነበረው ሰውዬ ወርዶ፣ «አንቺ መሃል ግቢ እናቴ፣ እኔ ቅርብ ወራጅ ነኝ» አለኝ።

ገባሁ። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ አላውቀውም። «ይቅርታ ዶኛ» አለና አንደኛ አስገባ። «ይቅርታ» አለና ሁለተኛ። ሦስተኛ ማርሽ እስኪያስገባ ድረስ ደህና ነበርኩ።